የጣቢያ አሥራ አራቷ ሊስትሮ

ከሁሉ በፊት ልማል። ይህች ታሪክ ከአፏ እስከ ጅራቷ እውነት ናት። በእናቴ እንዳልምል፣ እናቴ በእኔ መሐላ እስካሁን ሁለት ጊዜ ሞታ ተነሥታለች፤ ሦስተኛውን አትችለውም። ስለዚህ በዚህ በተቀመጥኩበት የጨው ድንጋይ እምላለሁ፤ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬ እንደሆነ ምላሴ እንደሱ ደርቆ ይቅር። የሚያምነኝ ይቅረብ፤ የማያምነኝም ይቅረብ፣ ቦታ አለ።

ባሕሩ ከገባ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ለማያውቅ ሰው ለመንገር ያህል፣ የዳሎል ዝቅታ በሰሜን በኩል ተተረተረ፣ ቀይ ባሕር ገባ፣ ጨው ይቆረጥበት የነበረው ሜዳ ሁሉ ባሕር ሆነ። አለቀ። ያኔ እዚያ ለነበሩት ሰዎችም ከዚህ በላይ ያስረዳቸው የለም።

አበጀ ሙጨ በዚህ ባሕር የጣቢያ አሥራ አራት መዥገር ለቃሚ ነበር። ዕድሜው አምሳ ሁለት፣ አገሩ ቢቸና፣ የቀድሞ ሙያው የሠርግ ጨፋሪ። ሚስቱ ትርፌ እዚያው ቢቸና ንብ ናት፤ ብሩሽ ይዛ ከባቄላ አበባ ወደ ባቄላ አበባ ስትዞር ትውላለች። ታናሽ ወንድሙ አዋሽ ሜዳ ላይ ጥንብ አንሣ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር፤ ሽታውን አልቻለውም፣ በሁለት ወሩ ተወው። በዚያ ዘመን ከቤተሰቡ አንድ እንስሳ ያልወጣበት ሰው አልነበረም። ንቡ ሲያልቅ ሰው ንብ ሆነ። አሞራው ሲያልቅ ሰው አሞራ ሆነ። ሊስትሮዋ ስታልቅ አበጀ ሊስትሮ ሆነ።

ሊስትሮ የምላችሁ ጫማ የሚጠርገውን አይደለም። ዓሣ ናት። የጣት ቁመት ያላት፣ ሰማያዊ፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ አንድ ጥቁር መስመር የተሰመረባት። ኮራል በሚባለው የባሕር አለት ሥር ቋሚ ቦታ ይዛ ትቀመጣለች። መንገደኛ ዓሣ ሲያልፍ ገላዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች ትጨፍርለታለች። ትልልቆቹ ዓሦች ወረፋ ይዘው ይመጣሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ እሷ ገብታ ከጥርሳቸው ሥር፣ ከጉንጫቸው፣ ከሚተነፍሱበት ስንጥባቸው ተባዩን ለቅማ ትወጣለች። አፉን ቢገጥም እራቱ የምትሆን ትንሽ ነገር ናት፤ ግን አይገጥምም። ማንም የተፈራረመ የለም፣ ሽማግሌ አልተቀመጠም፤ እንዲሁ ተማምነው ይኖሩ ነበር። ውሃው ሠላሳ አምስት ዲግሪ ሲደርስ ሊስትሮዎቹ ሞቱ። መዥገሩ አልሞተም።

ዓሦቹ በመዥገር ተመጥጠው ሆዳቸውን ወደ ሰማይ እያደረጉ መንሳፈፍ ሲጀምሩ፣ የባሕሩ ጽዳት ቢሮ መጀመሪያ መዥገር የሚለቅም ማሽን ላከ። ዓሣ ሁሉ ሸሸ። ሁለተኛ ማሽን ላከ፤ እሱን አንድ ሻርክ ዋጠው፣ ሦስት ቀን ሆዱ ውስጥ መብራቱ ሲበራ ታየ። ከዚያ በኋላ ነው አንድ የጎጃም በያጅ ምሰሶ ሊበይድ ወርዶ ሳለ፣ የራስ ቁሩ ውስጥ ዘፈን ተለቆበት ትከሻው አላስችል ያለው። ሁለት ሦስት ጊዜ እስክስ ብሎ ዘወር ቢል፣ ጥጃ የሚያክል ዓሣ አፉን በርግዶ ከኋላው ቆሟል። ወረፋ ይዞ።

በማግስቱ ቢሮው የሠርግ ጨፋሪ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ።

ከየአገሩ መጡ። ቁርስ ላይ የሚነሣው ጭቅጭቅ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ጎንደሬው «ዓሣ የሚያውቀው የእኔን ትከሻ ነው» ይላል። ወሎዬው «ዓሣ አንገት ነው የሚያየው፤ ትከሻህን ለአማቶችህ አስቀምጥ» ይለዋል። አበጀ ዝም ብሎ ዳቦውን ይነክር ነበር። የእሱ ጣቢያ ወረፋ ከሁሉም ይረዝም እንደነበር ሁሉም ያውቃሉ፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም።

ቀኑ እንዲህ ነበር። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀልባ ይሣፈራል። ሰማያዊውን የጎማ ልብስ ይለብሳል፤ ጥቁሩ መስመር ከግንባሩ ተነሥቶ እስከ ተረከዙ ይወርዳል። መዲና የራስ ቁሩን ብሎን ታጠብቅለታለች፣ ቱቦውን ትሰካለች፣ የአየር ሞተሩን ታስነሣለች። መዲና የአፋር ሴት ናት፣ የእሱ እኩያ፣ ሥራዋ ከላይ ሆና አየር መላክ። ስድስት ዓመት ሙሉ የተነፈሰውን ሁሉ የላከችለት እሷ ናት። በቱቦው ጎን በሚሄደው የመነጋገሪያ ሽቦ ቀኑን ሙሉ ያወራሉ።

«አበጀ፣ አያቴ ጨው ይቆርጥበት የነበረው ቦታ ላይ ነው የምትወርደው። ቀስ ብለህ እርገጥ።»

«ትናንትም ይህንኑ ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«ትናንትም እዚያው ነው የረገጥከው።»

ዘጠኝ ሜትር ወርዶ አለቱ ፊት ይቆማል። ትከሻውን ይነቀንቃል። ይመጣሉ። አንዱ አፉን ይከፍታል፣ ሌላው ስንጥቡን ይገልጣል፣ ሌላው በጅራቱ ቆሞ ይዘቀዘቃል። አበጀ ረጅም ወረንጦ አለው፣ መዥገሩን እየነቀለ ወገቡ ላይ ወደታሰረው ጠርሙስ ይከታል። በመካከሉ ትከሻውን ካቆመ ዓሣው ይጠራጠራል፤ ስለዚህ እየነቀለም ይጨፍራል። ምሳ የለም። በዘጠኝ ሰዓት ይወጣል፣ መዲና ጨው ያቆረፈደውን መዳፉን ቅባት ትቀባለታለች፣ ጓንቱን ገልብጦ ያሰጣል። ማታ ተኝቶም ትከሻው ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ የሥራ ነው ብሎታል።

ከደንበኞቹ ሁሉ የሚበልጥበት ግራዝማች ነበር። ግራዝማች ያለው እሱ ነው፤ አንድ ዓይኑ ነጭ የሆነ፣ ከንፈሩ የተንጠለጠለ፣ ያረጀ ግሩፐር ዓሣ። በየቀኑ ረፋድ ላይ ይመጣል፣ ወረፋ አይይዝም፣ ሌሎቹም ያሳልፉታል። ሲሰለቸው ሳያስጠነቅቅ አፉን ይገጥማል። የአበጀ የግራ እጅ የቀለበት ጣት ጫፍ የተቆረጠው በዚህ ነው። አበጀ አልተቀየመውም። «የእኔ ጥፋት ነው፣ ምቱን ስቼ ነበር» ይላል።

በሚያዝያ አንድ ማክሰኞ ግራዝማች መጣ፣ አፉን ከፈተ፣ አበጀ ወረንጦውን ይዞ ቀረበ። ግራዝማች ፊቱን አዞረበት።

አበጀ የሚያውቀውን ትከሻ ሁሉ አወጣ። የሠርጉን፣ የመልሱን፣ የቅልቅሉን። ግራዝማች ጀርባውን ሰጥቶት፣ አፉን ወደ አለቱ ስንጥቅ አድርጎ ቆሟል። አበጀ አጎንብሶ በክንፉ ሥር ቢያይ፣ ስንጥቁ አፍ ላይ አንዲት የጣት ቁመት ያላት ሰማያዊ ነገር ከፍ ዝቅ ትላለች። ጨፈረች፣ ጨፈረችና ግራዝማች አፍ ውስጥ ገባች። ጥቂት ቆይታ በስንጥቡ ወጣች። ግራዝማች ከደስታ ብዛት ወደ ጎን ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«መዲና።»

«አቤት።»

«ሊስትሮ።»

«ሊስትሮው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እውነተኛዋ።»

«አየሩ በዝቶብህ ይሆናል፣ ልቀንስልህ።»

«በዓይኔ በብረቱ እያየኋት ነው ስልሽ!»

«ስንት ናት?»

«አንድ።»

«ሌላ ፈልግ።»

የቀረውን ሰዓት ሁሉ ፈለገ። ድንጋይ ገለበጠ፣ ስንጥቅ ለስንጥቅ መብራት ይዞ ዞረ። ሲወጣና መዲና የራስ ቁሩን ስትፈታለት ምንም አላላትም። እሷም አልጠየቀችውም። የግመል አርቢ ልጅ ናት፤ አንዲት ብቻ የቀረችለት ሰው ምን ፊት እንዳለው ታውቃለች።

ደንቡ ግልጽ ነበር። በሕይወት ያለ ሊስትሮ ያየ በዕለቱ ያሳውቃል፣ ቢሮው የመስታወት ሣጥን ይዞ ይመጣል። ቀደም ባሉት ዓመታት ሦስት ተገኝተው ነበር። ሦስቱም ሣጥኑ ውስጥ አንድ ሳምንት አልሞላቸውም። ከሦስተኛዋ በኋላ የሊስትሮ መዝገቡ ተዘጋ።

«ብንናገር ይወስዷታል፣ ትሞታለች» አለ አበጀ።

«ባንናገርስ?»

«እዚያው ትኖራለቻ።»

መዲና ቱቦውን እየጠቀለለች «እሺ» አለች። «እኔ ከላይ ነኝ፣ ምንም አላየሁም።»

ሐሙስ ሐሙስ ተቆጣጣሪዋ ትመጣለች፤ ኢንጂነር ሩሐማ፣ ልጅ እግር፣ ትሑት፣ ከጀልባ ወደ ጀልባ ስትሻገር ሁልጊዜ ይቅርታ የምትል።

«ጋሽ አበጀ፣ አዲስ ነገር አለ?»

«ምንም የለም ኢንጂነር። ውሃው ሞቋል።»

«እሱማ አዲስ አይደለም» ብላ ጻፈች።

ሰውዬው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። ቁርስ ላይ ጎንደሬውንና ወሎዬውን እያየ ለብቻው ይስቃል። «ዓሣው የማንን ትከሻ እንደሚወድ እኔ ልንገራችሁ?» ይልና አይነግራቸውም። አሁን የሚኖርለት ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ ያቺ የጣት ቁመት ነገር እንዳትሞት።

ሁለት ሳምንት እንደሄደ ግን ሊስትሮዋ መክሳት ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት ከስንጥቋ መውጣት ተወች። ግራዝማች ፊት ለፊቷ አፉን ከፍቶ ይቆማል፣ ይቆማል፣ መንጋጋው ይዝላል፣ ይሄዳል። አበጀ ከሌላ ዓሣ የነቀለውን መዥገር በወረንጦው ይዞ አፏ ሥር ቢያቀርብላት ዞር ብላ አታየውም።

«የሚያማት ነገር አለ» አለ።

«ብቻዋን ናት፤ ሌላ ምን ያማታል» አለች መዲና በሽቦው።

አበጀ እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው፣ ስሕተቱም የጨፋሪ ስሕተት ነው። ቢቸና ልጅ ሆኖ ሲለማመድ አጃቢ አልነበረውም። የአጎቱን ትልቅ መስታወት ግድግዳ አስደግፎ ፊቱ ይቆማል፤ መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሲወርድ ይወርዳል፣ ሲነሣ ይነሣል፣ ጥቂት ቆይቶ ሁለት ሰው የሚጨፍር ይመስልና ቤቱ ይሞቃል። ለጨፋሪ መስታወት ሰው ነው። ለሌላው ምን እንደሆነ አስቦ አያውቅም።

«መዲና፣ ያችን የኩል መስታወትሽን አውሺኝ።»

«ምን ልታይ? መልክህ ከተበላሸ ቆይቷል።»

«ለእሷ ነው።»

መዲና መዳፍ የምታክለውን መስታወት ከቦርሳዋ አወጣች፣ በሻሿ ጫፍ ጠረገቻት። «ተኳኩላ ስትጨርስ ትመልስልኝ በላት።»

መስታወቷን በሽቦ አስሮ ስንጥቁ አጠገብ አቆማት። በመጀመሪያው ቀን ሊስትሮዋ እንደ እብድ ወጥታ መስታወቷን ነከሰች። በሁለተኛውም ነከሰች። በሦስተኛው ቀን መናከስ ትታ ፊት ለፊቷ ቆመች። በአራተኛው ቀን በጀርባዋ ተገልብጣ ዋኘች፤ ቆም ብላ አየች፤ ደግሞ ተገለበጠች። ሄዳ ተመለሰች፤ በድንገት ዘወር አለች።

«ትጨፍርላታለች!» ብሎ ጮኸ አበጀ። «እንዲህ ያለ ጭፈራ ባገሬም አላየሁ፤ ተገልብጣ ነው የምትጨፍርላት!»

«ጓደኛዋስ?»

«እሷም ተገልብጣ!»

በላች። ወፈረች። ከስንጥቋ ወጥታ ቦታዋን ያዘች። ወረፋው እስከ ታችኛው አሸዋ ድረስ ተዘረጋ፣ በየጣቢያው ያሉ ዓሦች ሁሉ ወደ አሥራ አራት ጎረፉ፣ የጎንደሬው ጣቢያ ጭር አለ። ጎንደሬው «ይሄ ሰውዬ መድኃኒት አስደርጓል» ብሎ ማለ። አበጀ ደግሞ ሥራ ፈቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ዘጠኝ ሜትር ባሕር ሥር ያጨበጭብ ነበር። ውሃ ውስጥ ጭብጨባ አይሰማም። እሱ ግን ያጨበጭባል። እንዲህ ሆኖ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሰነበተ።

በዚያ ሰሞን ትርፌ ጋ ደወለ።

«የሆነ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ሊስትሮ አገኘሁ። በሕይወት ያለች።»

ትርፌ ከብሩሹ ጋር ስለምትውል ድምፅዋ ሁልጊዜ በአበባ ዱቄት የታፈነ ነው። «እኔ በዐሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ አንዲት ንብ አላየሁም» አለች። «ብቻዋን ናት?»

«ሁለት ናቸው» አለ አበጀ።

«እሰይ» አለች። «እሰይ። እንዲያ ከሆነስ።»

ሊዋሻት ብሎ አይደለም። እንደዚያ ሆኖ ነበር የሚታየው።

በሃያኛው ቀን ሊስትሮዋ ከግራዝማች አፍ ስትወጣ ጉሮሮዋ ሥር አንዲት ቡናማ ነጥብ ይዛ ወጣች። የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል መዥገር። አበጀ አየና በልቡ «የእኔ ሊስትሮ፣ አንቺንም ያዘሽ?» አለ። ወረንጦው ለእሷ በጣም ትልቅ ነው።

ሊስትሮዋ በመስታወቷ በኩል ስታልፍ ቆመች። ቀረበች። አንገቷን ቀና አድርጋ ጉሮሮዋን ወደ መስታወቷ ሰጠች፤ በግራ፣ በቀኝ። ከዚያ ወደ አሸዋው ወረደች፣ አንድ ሻካራ ድንጋይ መረጠችና ጉሮሮዋን ፈተገች። ተመለሰች። አየች። ነጥቧ አለች። ወርዳ ደግማ ፈተገች፣ ተመለሰች፣ አየች። ነጥቧ የለችም።

ከዚያ ዝም ብላ ቆመች። ክንፏ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«መዲና፣ ጉሮሮዋን ፈተገች።»

«ዓሣ ገላውን አይፈትግም እንዴ?»

«መስታወት አይታ ነው የፈተገችው።»

«የራሷን ጉሮሮ?»

«የራሷን።»

«እንግዲያው አወቀች በለኛ።»

«ምኑን?»

«ሌላ አለመኖሯን።»

አበጀ ባሕር ሥር ቆሞ ላብ አጠመቀው። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ስትገለበጥ፣ ስትሄድ፣ ዘወር ስትል ያየው ነገር ሁሉ ጭፈራ አልነበረም። እየጠየቀች ነበር። አንቺ ማን ነሽ ነው የምትለው። መልሱን ያቀበላት ደግሞ እሱ ነው፤ በገዛ እጁ፣ በሽቦ አስሮ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ለመስታወቷ አልጨፈረችም። መናከሱንም አልደገመችውም። በፊቷ ስታልፍ፣ ሰው የሱቅ መስኮት ውስጥ መልኩን ገልመጥ አድርጎ እንደሚያልፈው፣ አየት አድርጋ ታልፋለች። መጀመሪያ መዥገሩን ተወች፣ ቀጥሎ ቦታዋን ተወች፣ ስንጥቋ ገባች። አበጀ መስታወቷን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈናት። ለውጥ የለም። ፈታትቶ አወጣት። ለውጥ የለም። መልሶ አሰራት። ሊስትሮዋ ብቅ እንኳን አላለችም።

በመጨረሻ እሱ ራሱ ስንጥቁ ፊት ቆሞ ጨፈረላት። ሰማያዊ ለብሷል፣ ጥቁሩ መስመር አለው፣ ትከሻው ስድስት ዓመት ባሕር ሙሉ ዓሣ ሲያታልል የኖረ ትከሻ ነው። ቋንቋዋን አሰባብሮ የሚያወራን ሰው በትዕግሥት እንደምትሰማ አድርጋ አየችው። ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ሐሙስ ኢንጂነር ሩሐማ ይቅርታ እየጠየቀች ተሻገረች።

«ጋሽ አበጀ፣ አዲስ ነገር አለ?»

«ኢንጂነር፣ የደበቅኩዎት ነገር አለ።»

ነገራት። ከሚያዝያ ጀምሮ፣ መስታወቱን፣ ነጥቡን፣ ሁሉን። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ መዲናን «ትርፍ ልብስ አለ?» አለቻት። ለብሳ ወረደች። ሩብ ሰዓት ቆየች። ወጥታ የራስ ቁሯን ስታወልቅ ፊቷ እንደገባችበት ነው፤ ጸጉሯ ብቻ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

«እሷ ናት» አለች።

«ይቅጡኝ። ከሥራ ያባርሩኝ። ግን የሆነ ቦታ ሌላ ካለች ይውሰዷት፤ ያገናኟቸው። ሣጥኑም ቢሆን ይሁን፤ ሁለት ከሆኑ ሣጥኑም አይገድላቸው ይሆናል።»

«የለም።»

«እዚህ ከሌለ በሌላ ባሕር—»

«ጋሽ አበጀ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሊስትሮ የሆኑት እርስዎ ብቻ መሰሉዎት? እኔ ከየባሕሩ ሪፖርት ይደርሰኛል። በየባሕሩ የሚጨፍረው ሰው ነው።»

መዲና ሞተሩን አጠፋችው።

«ሣጥኑ ይኸውና» አለች ሩሐማ። ጀልባዋ ወለል ላይ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ነገር ነበር። «ሁልጊዜ ይዤው ነው የምመጣው። ሐሙስ ሐሙስ አዲስ ነገር አለ ወይ እያልኩ የምጠይቅዎ ለዚህ ነበር።» ቅጿን አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ አጠፈችው። «እዚህ ላይ ‹ታይታለች› የሚል ቦታ ነበረው። መዝገቡ ሲዘጋ ሠረዙት። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ውሃው ሞቋል ይበሉ» አለች መዲና።

ሩሐማ ጻፈች። ሣጥኑን አላወረደችውም። ወደ ጀልባዋ ስትሻገር ይቅርታ አላለችም፤ ያን ቀን ብቻ ረሳችው።

ዓርብ ማለዳ አበጀ ወረደ። ወረንጦውንና ጠርሙሱን ከላይ ትቷቸዋል። ወረፋ የያዙትን ዓሦች አልፎ ስንጥቁ ፊት ተንበረከከ፣ የቀኝ እጁን ጓንት አወለቀ፣ ያን ጨው የሰነጣጠቀው መዳፉን ዘረጋላት። መዥገር የለበትም። የሞተ ቆዳ ግን ሞልቶታል። ሊስትሮዋ አየችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወጣች። መዳፉ ላይ መጣች፣ አንዴ ከፍ ዝቅ አለች፣ ከዚያ አውራ ጣቱ ሥር የተነሣችውን ቆዳ ቆንጠር አድርጋ ወሰደች። ደገመች። ከስንጥቅ ወደ ስንጥቅ እየሄደች መዳፉን ሁሉ አጸዳችው። ኮረኮረው። መዲና ሳቁን በሽቦው ሰማችው።

ቅዳሜ ስንጥቁ ባዶ ነበር። አበጀ በመብራት አየ፣ በጣቱ ዳሰሰ፣ አሸዋውን በእፍኙ እያነሣ አጣራ። ምንም። የጣት ቁመት ያለው ነገር ባሕር ውስጥ ሲጠፋ ምልክት አይተውም።

ረፋድ ላይ ግራዝማች መጣ። ስንጥቁ ፊት አፉን ከፍቶ ቆመ። አበጀ አጠገቡ ትከሻውን መታ፤ የሠርጉን፣ የመልሱን፣ የቅልቅሉን። ግራዝማች ንቅንቅ አላለም። እስከ ስድስት ሰዓት እንደዚያው ቆመ። ከዚያ በጤነኛ ዓይኑ አንድ ጊዜ አበጀን አይቶ አፉን ገጠመ፣ መዥገሩን እንደያዘ ወደ ጨለማው ውሃ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በጣቢያ አሥራ አራት አልታየም። ሌሎቹ ዓሦች ይመጣሉ። አበጀም ይጨፍራል፣ ደንበኛ ነው፣ ማስተናገድ አለበት። መስታወቷን ለመዲና ሲመልስላት አልተቀበለችውም፤ «ያየችውን አይታለች፣ እኔ እሱ ላይ አልኳልም» አለችው።

ታሪኩ ይኸው ነው።

አሁን ይሄ የተቀመጥኩበት ድንጋይ ከሥሬ ይቆጠቁጠኛል፤ ምላሴም ደረቅ ደረቅ እያለኝ ነው። እሺ። አንዲት ነገር ጨምሬአለሁ። ሚስቲቱ ንብ መሆኗ እውነት ነው። ሻርኩ ሆድ ውስጥ የበራው መብራትም እውነት ነው፣ አይቼዋለሁ። መስታወቷም፣ ነጥቧም፣ ድንጋዩ ላይ መፈተጓም እውነት ነው። የጨመርኳት የመዳፉን ነገር ነው። ጓንቱን ማውለቁንማ አውልቋል፣ እጁንም ዘርግቷል፤ አርባ ደቂቃ፣ መዲና ቱቦውን ሦስት ጊዜ እስክትጎትትበት ድረስ። አየችው። አልመጣችም። መዲና በሽቦው የሰማችውም ሳቅ አልነበረም።